ትምህርቱን ይጨርስ

ፈረንጅ ለአነጋገር ዘዴ ሁሉ ስም አውጥቶለታል። መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ስም አለው፤ ማጋነንም፣ ማሳነስም፣ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ማለትም እንዲሁ። እኛ ስም ሳናወጣለት ስንኖርበት ከረምን። «አንተ፣ አታፍርም?» የተባለ ሰው «አላፍርም» ብሎ ሲመልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳስ ብላ ሲሉት ወዲያው እጁን ይታጠባል? «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል እንጂ። የቤቱ እመቤትም «እሺ» ብላ ትሪውን አትመልስም። የመጀመሪያዋ እምቢታ አትቆጠርም። ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን በረሃብ ይሞታል።

እኔ ዓለም ገና ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም በማታው ክፍል የሚማሩ ሠራተኞች ፈተና ሲደርስባቸው ይመጡብኛል። ዘንድሮ የመጣው ታምራት ነው፤ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ጨዋ ልጅ። ኮርሱ ስለ አጻጻፍ ስልት፣ ስለ ቃላት አመራረጥና ስለዚሁ ስለ አነጋገር ዘዴ ነው። አንዴ ወድቆበታል። አሁን ካለፈ ይመረቃል፤ ከተመረቀ ያገባል። «አባቷ ትምህርቱን ይጨርስ ስላሉ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። አባትየው ወደ ፉሪ መውጫ እርሻ ያላቸው ኦቦ ቶሎሳ፣ ልጅቷ ደግሞ ሌሊሴ ናት።

ልጁ አጠና። ትርጉሞቹን እንደ ውሃ ጠጣቸው። ችግሩ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አይለያቸውም። የምንባቡ ጸሐፊ ጎርፍ ድልድይ የወሰደበትን ቀን «ትንሽ ጠብ ጠብ ብሎ ነበር» ብሎ ሲያወራ፣ ታምራት «ዝናቡ ቀላል ነበር» ብሎ ይመልሳል።

አንድ ቅዳሜ ሰለቸኝና ከራሱ ኑሮ ምሳሌ እንዲያመጣ ጠየቅሁት፤ አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ማለት የፈለገ ሰው። አሰበ፣ አሰበና «የኔ ሰዎች ግልጽ ናቸው ጋሼ» አለ። «ሌሊሴ እንኳ እንዳጠና ብላ ስልኬን አታነሳም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አባቷ ያሉትን እስቲ ቃል በቃል ንገረኝ።»

«ልጅቷ ገና ናት፤ እሱም ትምህርቱን ይጨርስ፤ እስቲ እኛም እንመካከር፤ ነው ያሉት። ከገና በፊት።»

«ሽማግሌዎቹስ ተመልሰው ሄዱ?»

«ለምን ይሄዳሉ? አልጨረስኩም እኮ!»

እናንተ ገብቷችኋል። ፋሲካ አልፏል። የላካቸው ሽማግሌዎች ሽማግሌነታቸው በስም ነው እንጂ አብረውት ማሽን ላይ የሚውሉ፣ አብረውት ቸርች የሚሄዱ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ እሺ እሺ ነው፣ እምቢም እምቢ። ተመልሶ ደጅ መጥናት እንዳለ የነገራቸው የለም። አባትየው በወጉ አንዴ እምቢ ብለው ሲጠብቁ፣ ልጅቷ ተናቅሁ ብላ ስታኮርፍ፣ የኔ ተማሪ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝኛ ምጸት ይሸመድዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አዘንኩለት። ፈተናው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ ብነግረው ማጥናቱን ይተዋል፣ ዝም ካልኩ ልጅቷን ሌላ ይወስዳታል። ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወደቅሁ በሉኛ!» አለ።

በማግስቱ እሁድ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትዬ ኦቦ ቶሎሳ ደጅ ቆምኩ። ሌሊሴ እኛን ስታይ ፈትለክ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ኮቴዋ ግን ከበሩ ጀርባ ቆመ። ኦቦ ቶሎሳ «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታውን ሲያረዝሙት ቆዩና ሁለቱን ልጆች እያዩ «እኔ እኮ እነዚህን ጅብ በልቷቸዋል ብዬ ነበር» አሉ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ዘዴ ሁሉ አወጣሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ልጁን አሞገስኩ፣ የዘገየነውን በመንገዱ ርቀት አሳበብኩ። መንገዱ በአንድ ባጃጅ የሚያልቅ ነው፤ ግን ማንም አልሳቀም። በመጨረሻ «እንግዲህ ሰጥተናል» አሉ። ከበሩ ጀርባ አንድ ዕቃ ወደቀ።

ተመራርቀን ስንወጣ ኦቦ ቶሎሳ አጥሩ ድረስ ሸኙን። በሩን ሊዘጉ ሲሉ «ብቻ ትምህርቱን ይጨርስ» አሉ።

ሁለቱ ልጆች ዞረው እኔን አዩኝ። አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ወግ ይሁን ቁም ነገር መለየት ያለብኝ እኔ ነኝ። የሰውየውን ፊት ደህና አድርጌ አየሁት። ምንም አይነበብበትም።

ለማንኛውም ብለን፣ ያንኑ ዕለት ከሰዓት ከታምራት ጋር የኮርሱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርነው።