በአውቶቡስ የሚኬድ አገር

ሐዋሳ ውስጥ «አገርህ የት ነው?» ሲባሉ «እዚሁ» ብለው መልሰው ያውቃሉ? አይሞክሩት። «እሱስ መኖሪያህ ነው፤ አገርህን ነው የጠየቅኩህ» ይባላሉ። የሲዳማ ጎረቤቶቼ ታድለዋል፤ የዘመን መለወጫቸው ፍቼ ሲደርስ እዚሁ ከተማው ውስጥ ወዳለው የበዓል ሜዳ፣ ጉዱማሌ፣ በእግራቸው ይሄዳሉ። የእኛ የቀረነው አገር ግን በአውቶቡስ የሚኬድ ነው፤ ለመስቀል እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ያለው ሰፈራችን ጭር ይላል።

አባቴ ለማስተማር ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ የሚያውቀኝ የለም። «ምስኪን፣ ሰው የለውም» እንዳልባል ግን በየዓመቱ ለመስቀል የጫማ ሱቄን ቆልፌ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብቼ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ሻይ ስጠጣ እውልና በጓሮ በር ተመልሼ ቤቴ እገባለሁ። ምን ይደረግ?

ዘንድሮ ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ዓመቱን ሙሉ «የእኛ አገር ክትፎ» እያሉ ጆሯችንን የሚያደነቁሩትን ልብስ ሰፊውን ጋሽ ወልዴን!

«ጋሽ ወልዴ፣ የቡታጅራው መኪና እኮ ወጣ!»

«የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው። አንተስ?»

«እኔም የሚቀጥለውን።»

ቦታ ሊለቁልኝ ትልቁን ሻንጣቸውን በአንድ ጣት አነሱት። የእኔም ከዚያ አይከብድም።

«ይነሱ፣ ቤቴ ሄደን አብረን እንብላ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲያ ካልኩ አገራቸውን ነጠቅኳቸው ማለት አይደል? ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

«በሉ፣ አገር ቤት ላሉት ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።»

«አንተም ለእናንተዎቹ፣ ልጄ። በሰላም ግባ።»

ወጥቼ ሌላ ሻይ ቤት ፈለግኩ።