የግንባችን የውፍረት ታሪክ

ክቡር ግንባችን ከተማችንን ዙሪያዋን አቅፎ የሚጠብቅ፣ ዕድሜውን የሚያውቅ የሌለ፣ ውበቱን ለመናገር ቃል የሚያጥርለት ግንብ ነው። ከምን እንደሚጠብቀን የጠየቀ ሰው የለም፤ የጠየቁም ከነበሩ ዛሬ በመካከላችን የሉም። እኔ በግንብ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት የንግግር አርቃቂ ነኝ። ክቡር ኃላፊያችን የተናገሩትን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ ያሰቡትን ግን ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። በዚህ ማንም እንዳይጠረጥረኝ።

ግንባችን እንደ ሌላው ግንብ ተገትሮ የቀረ አይደለም፤ ያድጋል። የሚያድገውም ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ ይደግ ቢባል ግንበኛ ውጭ መውጣት ሊኖርበት ነው፤ ውጭ የወጣ ግንበኛ ደግሞ ውጭውን ያያል። ስለዚህ አዲስ የድንጋይ ደርብ የሚጨመረው ሁልጊዜ በእኛ በኩል ነው፤ ከተማዋም በዚያው ልክ ትጠባለች። ጽሕፈት ቤታችን ይህንን «የሕዝብ መቀራረብ» ይለዋል። እውነትም ተቀራርበናል፤ በአንዳንድ ሰፈር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ የግድ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ደርብ የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶቻችን፣ ምን እንደጎደላቸው እንጃ፣ ግንቡ ላይ በከሰል ይጽፋሉ። መመሪያው ደግሞ «በግንቡ ላይ የተጻፈ ማናቸውም የአመፅ ጽሑፍ እንዳይነበብ በአዲስ ደርብ ይሸፈናል» ይላል። አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ክቡር ኃላፊን ጠየቅኋቸው።

«በውሃ ብናጥበውስ?»

«የሚያጥበው ሰው አያነበውም?»

«ማንበብ የማይችል ሰው ቢያጥበውስ?»

«በከተማችን ማንበብ የማይችል ሰው የለም ብለህ ባለፈው በዓል ንግግር የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም?»

በከተማው ላይ የሚያንዣብቡት በራሪ ካሜራዎች እንኳ ጽሑፍ እንዳያነቡ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሯል። አንዳንዴ የተሰጣ ልብስ ጠልፈው ከመሄዳቸው በቀር ሥራቸውን በትጋት ይወጣሉ። ጠባቂዎችም ግንቡ ላይ ጥቁር ነገር ከሩቅ ካዩ ፊታቸውን አዙረው ፊሽካ ይነፋሉ፤ ግንበኞች ይመጣሉ፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

እንግዲህ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቤቷ ግንቡን ተደግፎ የቆመ። ካቻምና ማድ ቤቷ በደርብ ተዋጠና አንዲት ክፍል ቀረቻት። እዚያችው ትሰፋለች፣ ታበስላለች፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ጋር ትተኛለች። ልጅቷን ሰፈሩ «ክብሪት» ይላታል፤ ቀጭን ናት፣ ቶሎም ትያያዛለች። ይህች ክብሪት፣ ማድ ቤታቸው ይመለስላቸው ዘንድ፣ ቤታቸው አጠገብ ባለው ግንብ ላይ ጽፋ ተገኘች። መመሪያው የታወቀ ነው፤ አዲስ ደርብ ታዘዘ። ደርቡ የሚያርፈው የልብስ ሰፊዋ የቀረች ክፍል ላይ፣ ልክ የስፌት መኪናዋ ካለችበት ነው።

እናትየዋ ጽሕፈት ቤታችን ድረስ መጥታ «መኪናዬን የት ልውሰዳት? እንጀራዬ እኮ እሷ ናት!» ብላ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር መሀረብ ላቀብላት አውጥቼ ነበር፤ ሆኖም የመንግሥት መሀረብ ስለሆነ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ክብሪት ለፍርድ ቀረበች። ክቡር ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አሉ።

«ማድ ቤታችንን...»

«እንዳትናገሪ!» አሉና ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። አዳራሹ በሙሉ ደፈነ። እኔ ብቻ እጄ በወረቀት ተይዞ ስለነበር «ማድ ቤታችንን መልሱልን» የሚለውን አስደንጋጭ የአመፅ ጥሪ ሰማሁ። መስማት ስለማይፈቀድልኝ ግን አልሰማሁም።

ማስረጃው የማይነበብ፣ ቃሏ የማይሰማ በመሆኑ ፍርድ መስጠት አልተቻለም። በተግሣጽ እንድትሰናበት ተወሰነ። ልጅቷ ግን አልሄደችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ጽሑፍ የተገኘበት ግንብ ሁሉ ይሸፈናል? የማንም ቤት ቢሆን?»

ክቡር ኃላፊ ደረታቸውን ነፉ። «በሕግ ፊት ግንብ ሁሉ እኩል ነው!»

«በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ቢጻፍስ? ግንበኞቹ የቱ ጋ ይሄዳሉ?»

«መጀመሪያ ትልቅ ሰው ያለበት ይቀድማላ! ይሄ ይጠየቃል?»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ እጅ ነስታ ወጣች። ክቡር ኃላፊም «አያችሁ፣ ወጣት ሲመከር ይሰማል» አሉን።

በማግስቱ ግንበኞቹ የልብስ ሰፊዋን በር ሊነቅሉ ሲጀምሩ ፊሽካ ተነፋ። ጽሑፍ የተገኘው በክቡር ኃላፊ የአትክልት ቦታ ጀርባ፣ ግንቡ ላይ ነው። ግንበኞቹ መዶሻቸውን አንስተው ወደዚያው በረሩ። የአትክልት ቦታው ተዋጠ። አዲሱ ደርብ ሳይደርቅ እንደገና ተጻፈበት፤ በረንዳው ተከተለ። ክብሪት ብቻዋን አልነበረችም፤ በትምህርት ቤት ክፍሏ ያለ ተማሪ ሁሉ ከሰል ይዟል። ሳሎኑ ሲሄድ የክቡር ኃላፊ ባለቤት ቢሯችን ድረስ መጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሶፋዬ ግንብ ውስጥ ቀረ እኮ!»

«ለከተማችን ክብር ነው የኔ እመቤት» አሉ ክቡር ኃላፊ።

«ለከተማው ክብር የራስህ ወንበር ይሂድ!»

በዚህ መካከል የግንበኞቹ አለቃ መጣና ድንጋይ አለቀ አለ።

«በድንጋይ በተከበበ ከተማ ድንጋይ አለቀ ትለኛለህ?» አሉ ክቡር ኃላፊ በቁጣ። «ከልብስ ሰፊዋ ሰፈር ግንብ ንቀልና አምጣ! እነሱን ምን ብሎ ጠላት ይፈልጋቸዋል?»

ይህ ታላቅ ውሳኔ ነበር፤ «ድንጋይ የሚነሳው ሌላ ቦታ የተጻፈ ጽሑፍ ለመሸፈን ብቻ ነው» የሚል መመሪያ ሆኖ ተፈረመ፤ ንግግሩንም እኔ ነኝ ያሳመርኩት። ከዚያ ሰፈር በጋሪ ድንጋይ ይጎርፍ ጀመር። ክቡር ኃላፊ ደግሞ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ዝር እንዳይሉ የቀረችው መኝታ ቤታቸው ዙሪያዋን በልዩ ግንብ እንድትታጠር አዘዙ። ታጠረች፤ አንዲት በር ብቻ ቀረችላት። ልጆቹ በልዩ ግንቡ ላይም ጻፉ። ያው መመሪያ ነውና እሱም ደርብ በደርብ ላይ ወፈረ፤ ድንጋዩም ከዚያ ሰፈር፣ ከዚያም ከሌላው ሰፈር ተነቀለ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ክቡር ኃላፊ ጋደም ባሉበት በሩ ራሱ ላይ ጽሑፍ ተገኘ። ግንበኞቹ ፊታቸውን አዙረው እየዳሰሱ በሩን በድንጋይ ሸፈኑት። የቀረችው ክንድ የምታስገባ የአየር ቀዳዳ ናት።

ሲነቁ በቀዳዳዋ ተጣሩ።

«ጠላት ገባ ወይ?»

«ኧረ ክቡርነትዎ፣ የሚገባ የለም» አልኳቸው፤ «ሰው ነው እየወጣ ያለው።»

«ወዴት?»

«ውጭ።»

«ምን አለ እዚያ?»

«ሜዳ ነው። ባለቤትዎ ልብስ አስጥተውበታል።»

እውነት ነው። የልብስ ሰፊዋ ክፍል ጀርባ ግንብ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ፀሐይ እስከ ስፌት መኪናዋ ድረስ ይገባል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀን ብርሃኑ ዓይኗን ወግቷት መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ነበር፤ አሁን እየዘፈነች ትሰፋለች። ማድ ቤቷንም ሜዳው ላይ ሠርታለች፤ የፈለገችውን ያህል ሰፊ አድርጋ።

ክቡር ኃላፊ ግንበኞቹን «አውጡኝ» አሏቸው። አለቃው አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ የሚነሳው ሌላ ቦታ የተጻፈ ጽሑፍ ለመሸፈን ብቻ መሆኑን፣ ይህንንም መመሪያ የፈረሙት ራሳቸው መሆናቸውን በትሕትና አስረዳቸው። ይሄኔ ክብሪት እንድትጠራላቸው አዘዙኝ።

«የኔ ልጅ» አሉ በቀዳዳዋ፤ እንዲህ ለስልሰው ሰምቻቸው አላውቅም። «እስቲ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ስድብም ይሁን፤ ስሜንም አንሺ፣ ግድ የለም።»

«የት ላይ ልጻፈው ጋሼ?»

«ሌላ ግንብ ላይ ነዋ! ድንጋዩን ከእኔ አንስተው እዚያ እንዲሸፍኑበት!»

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች። «ሌላ ግንብ እኮ የለም ጋሼ። ሁሉንም እርስዎ ጋ አምጥተውታል።»

ክቡር ኃላፊ ክንዳቸውን በቀዳዳዋ አውጥተው አየሩን ዳሰሱ። ክብሪትን አሳዘኗት መሰለኝ፣ ጓደኞቿን አየችና ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ አለች።

«መዶሻ አለን ጋሼ። እናፍርስልዎት?»

«ማፍረስ?» አሉ ክቡር ኃላፊ። ድምፃቸው ወደ ድሮው ተመለሰ። «ግንብ ማፍረስማ አመፅ ነው!»

እነሆ እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። ምሳቸውን ባለቤታቸው፣ ንግግራቸውን እኔ በቀዳዳዋ እናቀብላቸዋለን። ባለፈው በዓል ከተማችን እንደ ዛሬ ተጠብቃ እንደማታውቅ አበሰሩ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ስለነበር እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩላቸውና ወደ ሜዳው ሄድኩ።