ሌባ ሸክላ ፍለጋ አውበሬ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተረተው ሰው፣ እኔ እንደምገምተው፣ የዘፈን ሸክላ ሰብሳቢ ሳይሆን አይቀርም። ያውም እንደ እኔ ሌባ ሸክላ የሚሰበስብ። ሌባ ሸክላ ደግሞ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አንድ የሮክ ባንድ መድረክ ላይ ሲጫወት፣ ከተመልካቹ መሐል አንዱ ካፖርቱ ሥር ቴፕ ሸጉጦ ይቀዳዋል። ከዚያ ባንዱ ሳያውቅ፣ ሳይፈቅድ፣ ቅጂው ሸክላ ላይ ታትሞ በጓሮ በር ይቸበቸባል። ድምፁ ሻካራ፣ ሽፋኑ ራቁቱን ነው። እኔ ታዲያ የምወደውን ባንድ እንዲህ ተሰርቆ ካልሰማሁት አይጥመኝም። የባንዱን ስም አልነግራችሁም። ምን አስባችሁ እንደምትጠይቁኝ በምን አውቃለሁ?

ጣጣው እዚህ አያበቃም። ሌባው ሸክላ ራሱ ተመሳስሎ ይሠራል። ስለዚህ አጉሊ መነጽር ይዤ የማፈጠው፣ ስርቆቱ ትክክለኛው ስርቆት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ለስርቆት ጥራት እንዲህ የሚጨነቅ ዜጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጅግጅጋ የመጣሁት ኬሚስትሪ ላስተምር ተመድቤ ነው። ሸክላዎቼንና እንደ ትንሽ ሻንጣ የሚዘጋ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻዬን ታቅፌ ገባሁ። በከተማው ሌላ ሸክላ ሰብሳቢ እንደሌለ ስረዳ ደስ አለኝ፤ ተፎካካሪ የለማ! ወዲያው ግን ሻጭም እንደሌለ ገባኝ።

የኮሮና ማስክ አፍንጫን ትቶ አገጭ ላይ በወረደበት ሰሞን ነው። ብርድ ልብስ ልገዛ ሆዳን የምትባል ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። እየተከራከርን ስልኬ ጠራ። የስልኬ ጥሪ የባንዱ ጊታር ነው። ሆዳን የማን ዘፈን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለእናንተ የከለከልኩትን ስም ለእሷ ነገርኳት። የምታጥፈውን ብርድ ልብስ ለቀቀችው።

«ወላሂ፣ የአጎቴ ሸክላ ላይ ያለው ይኼ ስም ነው» አለች። «ነጭ ሽፋን ነው። ስሙ በማህተም ተመቶበታል።»

ነጭ ሽፋን! ማህተም! ብርድ ልብሱን ረሳሁት። እንድትሸጥልኝ ብጠይቃት «አይሸጥም» አለች። ነጋዴ አይሸጥም ሲል ጨምር ማለቱ እንደሆነ ማን ያጣዋል? የገረመኝ ግን የቀጠለችው ጥያቄ ነው። ማጫወቻ አለህ ወይ? በደንብ ይሠራል? ቤትህ የት ነው? ብቻህን ነው የምትኖረው?

ነገሩን ለጎረቤቴ ለተስፋዬ አማከርኩት። ተስፋዬ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የከረመ፣ በጥርጣሬ ከእኔ የሚበልጥ ብቸኛው ሰው። «ማጫወቻህን ነው የፈለገችው፤ ቤትህን እያጠናች ነው» አለኝ። በማግስቱ ቁልፍ ቀየርኩ። ማጫወቻውን አልጋ ሥር ከተትኩት፤ አልጋው ላይ እኔው ተጋደምኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሆዳን ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ሸክላው ድንበሩ አጠገብ አውበሬ፣ እናቷ ዘንድ ነው አሉ። ማጫወቻዬን ይዤ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ተስፋዬ ይህን ሲሰማ ሳቁ መጣ፤ የሚዘረፈውን ዕቃ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ጥርጣሬዬ አትሂድ አለኝ። ስስቴ ግን ጫማዬን አስሮ ጨረሰ።

መንገድ ላይ የጉምሩክ ኬላ ጋ ሚኒባሳችን ቆመ። ፈታሹ ማጫወቻዬን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«አውበሬ።»

«ሰው ዕቃ ከዚያ ወደዚህ ያሾልካል እንጂ ከዚህ ወደዚያ ይወስዳል እንዴ?»

ምን ልበለው? ለአንዲት እናት የፈረንጅ ሮክ ላሰማ ነው ብል፣ እኔ ራሴ አላምንም። ሆዳን በሶማልኛ ጥቂት ቃል ጣል አደረገችለት። ሰውዬው ሳቀና አሳለፈን። እኔ ደግሞ በልቤ «ይኼም ተባባሪዋ ነው» አልኩ።

አውበሬ ስንደርስ እናትየው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሸክላው በሻሽ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። የወተት ሻይ ቀረበ። ሆዳን ቀድማ እስክትጠጣልኝ ድረስ «ትኩስ ነው» እያልኩ ቆየሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር! ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ሸክላውን መረመርኩ። ማህተሙ፣ ጠርዙ፣ ዳር ላይ የተጫረው የአታሚው ምልክት፣ ሁሉም ልክ ነው። ንጹሕ፣ እውነተኛ ስርቆት!

እናትየው መናገር ጀመሩ፤ ሆዳን ታስተረጉማለች። ወንድማቸው ጃማ መርከበኛ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ወደብ ከተማ የዚህን ባንድ ትርዒት ሊያይ ገብቶ፣ ግፊያው ውስጥ አንዱ እግሩን ቢረግጠው በሶማልኛ ጮኸበት። ኋላ ያን ምሽት የተቀዳው ሸክላ እጁ ገባ። ያኔ ወደሚኖሩበት ሐርጌሳ ይዞት መጥቶ «ድምፄ እዚህ ውስጥ አለ» እያለ ማለ። ቤቱ ውስጥ ማጫወቻ የለም። ጃማ ደግሞ ድንቢጥ አይቶ ሰጎን ነበረች የሚል ሰው ስለነበር ማንም አላመነውም።

«ውሸታም ብዬ ነው የሸኘሁት» አሉ እናትየው። ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ በዚያው ባሕር ላይ ሞተ። ፎቶ እንጂ ድምፅ አልተረፈም። ጦርነት መጥቶ ከሐርጌሳ ሲሸሹ፣ ድስቱን ሁሉ ጥለው ይቺን ሸክላ በሻሽ ጠቅልለው ወጡ። ሆዳንም ያገኘችውን ሰው ሁሉ ማጫወቻ ስትጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያሳያት።

ቤትህ የት ነው፣ ብቻህን ነው ወይ ያለችው እናቷን ይዛ ልትመጣ አስባ ኖሯል! አሁን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ የከፋ። ጃማ እውነትም ውሸታም ቢሆንስ?

መርፌውን አሳረፍኩ። ጊታር፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፤ ጃማ የለም። እናትየው መሬት መሬት ያያሉ። ገለበጥኩት። ከየትም ሰምቼው የማላውቀው ዘፈን መጣ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ባለቀስኩ ነበር። ዛሬ ግን ቶሎ ባለቀ እያልኩ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በለሆሳስ ማንጎራጎር ሲጀምር፣ ከሚቀዳው ቴፕ አጠገብ አንድ ወፍራም ድምፅ ፈነዳ።

«ዋር! ኢጋ ዱሩግ!»

ሆዳን መተርጎሟን ረስታ ቀረች። አስታወስኳትና «አንተ! ከላዬ ዞር በል! ነው ያለው» አለችኝ። እናትየው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ጃማ» አሉ። በጣታቸው ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር።

ቆይተው ለሆዳን ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሆዳን እኔን አየችና ለመተርጎም አመነታች። ምን እንዳሉ ጠየቅኳት።

«ወንድሜ ይቅር ይበለኝ፣ እውነቱን ነው አለች» አለችኝ። «አንተንም አላህ ይስጥልኝ ብላለች። ግን ቲቸር… ከኋላው ጊታር እየመቱ የሚንጫጩትን ሰዎች ዝም አሰኝልኝና፣ ጃማን ደህና አድርጌ ልስማው ነው የምትለው።»