የማያማቸው ሰው የጉዳት ካሣ

በየሰፈሩ አንድ የማያመው ሰው አለ። ወባ እያንቀጠቀጠው «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቤቱ ቢቃጠል «ሞቅ አለን» የሚል ፍጡር ነው። የእኛ የሽሮ ሜዳው ደግሞ ጎረቤቴ ክቡር ጓድ ሾዴ ናቸው። ዘመኑ የደርግ ነውና ያኔ ሁላችንም ጓድ ነበርን።

የጓድ ሾዴን የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች የሚሠሩበት የክር ፋብሪካ ማሽን በላቸው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ብሄድ «አንተ ልጅ፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ! ፋብሪካው አሰናበታቸው። እቤት ያለው የሽመና እቃም ሥራ ፈታ፤ በዚያ እጅ መወርወሪያ አይወረወርም። የቀራቸው ተስፋ የጉዳት ካሣው ብቻ ነበር። ክሱን አብሬ እከታተላለሁ ብዬ አበሳዬን አየሁ።

የመጀመሪያው ጠበቃ አቶ ኃይለ መለኮት አንደበተ ርቱዕ ነበሩ። ምን ያደርጋል! ዳኛው ወግ ነውና «እንደምን ነዎት አባባ?» ሲሏቸው ጓድ ሾዴ ብድግ ብለው «እጅግ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። የፋብሪካው ጠበቃ ዘሎ ተነሣና «ይመዝገብልኝ!» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ኃይለ መለኮትም በዚያው ጉዳዩን ተዉት።

ሁለተኛው ጠበቃ አቶ ደቻሳ ማቃሰት አስጠኗቸው። «ጎንበስ ይበሉ፤ እህህ... ይበሉ።» ጓድ ሾዴ በማግስቱ ውክልናውን ሻሩ።

«ኧረ በማርያም ጋሼ፣ ያመመዎትን ይናገሩ!» አልኳቸው።

«ምን ሆኜ?»

እውነቴን ነው፣ በዚያ ቀን ላንቃቸው ምንም አልቀረኝም።

ሦስተኛዋ ጠበቃ ወይዘሪት ጽጌረዳ ገና ልጅ እግር ናት። ምንም አላስጠናቻቸውም። ችሎት ላይ ቀረብ ብላ፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ኮትዎን ማን ቆለፈልዎት?» አለቻቸው።

«ባለቤቴ፣ ሰርኬ።»

«ምሳስ ማን ያጎርስዎታል?»

«እሷው ናት።»

«ለምን?»

ጓድ ሾዴ «ትወደኛለቻ!» አሉ።

ሰዉ ሳቀ፤ ዳኛው ግን አልሳቁም። የጓድ ሾዴን እጅ ሲያዩ ቆዩ። የፋብሪካው ጠበቃ ነገሩ ገብቶት ዕለቱኑ እርቅ ጠየቀ፤ ካሣውም እንዲከፈል ተስማሙ።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስንመለስ በደስታ የምለፈልፈው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳገቱ ላይ ጓድ ሾዴ ቆሙ። የተጎዳውን እጅ በደህናው አቅፈው፣

«ያመኛል እኮ ልጄ» አሉኝ። «በጣም ነው የሚያመኝ።»

ያን ሁሉ ወር «ይናገሩ» እያልኩ የነዘነዝኳቸው እኔ፣ ምነው ባልሰማሁ አልኩ።