የጠያቂ ሙዝ እና የእማማ ጥሩነሽ ጾም

በእኛ አገር በሽተኛን በሽታው አይገድለውም። የሚገድለው ጠያቂው ነው! አትቆጡ... አጋነንክ የምትሉ ካላችሁ እግራችሁን በጀሶ አስጠቅልላችሁ ጉለሌ አንድ ሳምንት ተኙና ከዚያ እንነጋገር።

እኔ ተኝቼ አይቼዋለሁ። ነገሩ የጀመረው ጤናዬን ልጠብቅ ባልኩ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ማለዳ እየተነሳ እንጦጦ ሲሮጥ አየሁና ቀናሁ። መውጣቱንስ እንደምንም ወጣሁ። ስወርድ ነው እግሬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል የሄድነው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንስቶ አየና «ስፖርት ጀምረህ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ተወው» አለኝ። ከዚያ ጀሶ፣ ክራንች እና «ለአጥንትህ እንቁላል አዘውትር» የሚል ትእዛዝ ተጨምሮልኝ ቤቴ ገባሁ።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ ጠያቂ ጎረፈ። የእድር ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ የባለቤቴ የሰናይት ዘመድ አዝማድ... ሁሉም በሩ ላይ የነሐሴን ጭቃ ከጫማው እየጠረገ «እግዜር ይማርህ!» ይላል። ሁሉም እጁ ላይ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ ወይስ ገምታችኋል? ሙዝ! ድሮ ብርቱካን የሚባል ነገር ነበር፤ ለታመመ ሰው ይወሰድ ነበር። ልጆቻችሁ ካላመኗችሁ ሥዕሉን አሳዩአቸው። አሁን እግሩ የተሰበረም ሙዝ፣ ጨጓራውን የታመመም ሙዝ፣ ጥርሱን የተነቀለም ሙዝ ነው የሚወሰድለት።

ጠያቂ ደግሞ ሙዙን ሰጥቶ አይሄድም። ይቀመጣል። ጀሶውን በጣቱ ቆርቆር ያደርገዋል። ከዚያ እንደ እኔ እግሩ ተሰብሮ የሞተ ሰው ታሪክ ይጀምራል። «የአጎቴ ልጅም እንዲሁ በቀላሉ ነበር የጀመረው...» እያለ ራሱ ካመጣው ሙዝ አንዱን ልጦ ይበላል። ምነው ሁሉንም በበላልኝ!

ሙዝ መቼም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንድ ላይ ሲከማች ደግሞ የተማከረ ይመስል በአንድ ሌሊት ይበስላል። ማታ ቢጫ የነበረው ጠዋት ነጠብጣብ አውጥቶ ይጠብቃችኋል፤ በማግስቱ ጠቁሮ ይላቁጣል። ቤታችን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት መሽተት ጀመረ። እነዚያ ትንንሽ የሙዝ ዝንቦች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ መጥተው ክራንቼ ላይ ተደረደሩ። ባዶ እጃቸውን የመጡልኝ ጠያቂዎች እነሱ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ለምን አትጥለውም?» ትሉኛላችሁ። ግቢ ተከራይታችሁ አታውቁም ማለት ነው! የእኛ ግቢ የቆሻሻ በርሜል በሩ ላይ ነው የተቀመጠው። ሙዙን ካመጡልኝ ሰዎች ግማሾቹ የሚወጡት የሚገቡት በዚያው በር ነው። ያመጣልኝን ሙዝ በርሜል ውስጥ ያየ ጎረቤት ብሞትም ለቅሶዬ ላይ አይቀመጥም። ሰናይት ደግሞ የመጣል ነገር ጭራሽ አትሰማም።

«ሰው ከአፉ ነጥቆ ያመጣልህን ልትጥል? ነውር አይደል እንዴ! ከሥራ እስክመለስ አንድ ነገር አድርገው።»

«ምን ላድርገው?»

«ቤት የምትውለው አንተ! እኔን ትጠይቀኛለህ?» ብላኝ ወጣች።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው። ስልኬን ከፈትኩ። አንዲት ጥርሰ ፍልቅልቅ ሴትዮ፣ የእኛን ግቢ በሚያህል ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ «የበሰለ ሙዝ አይጣልም!» አለችኝ። ሰናይትን ያስተማረቻት እሷ ሳትሆን አትቀርም። ሙዙ ይታሻል፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ እንቁላል ይገባበታል፣ ኦቭን ውስጥ ይከተታል፤ ዳቦ ሆኖ ይወጣል። ይሄን ያህል ቀላል ነው። ኦቭን የለንም እንጂ!

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ጠመጠምኩ። አንድ እግሬን ዱካ ላይ ሰቅዬ ያን ሁሉ ሙዝ ሳፋ ውስጥ አሸሁት። ዱቄቱን በግምት፣ ስኳሩን በግምት ጨመርኩ። እንቁላሉን ግን በልግስና ነው የሰበርኩት፤ ለአጥንቴ ተብሎ ከከድር ሱቅ የተገዛ ብዙ እንቁላል ነበረኝ። ከድር ከወራቤ መጥቶ በራችን ላይ ሱቅ ከከፈተ ዘመን ያስቆጠረ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጓዳ የሚያውቅ ወዳጃችን ነው። ሊጡን ብረት ድስት ውስጥ ገልብጬ፣ ከድኜ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣድኩት።

ገና ሞቅ ሲል... መብራት ሄደ! መሄዱ አይደንቀኝም፤ የሚደንቀኝ ሰዓት አመራረጡ ነው። መቼስ የያዝኩትን አልለቅምና በክራንች እየተንፏቀቅሁ ከሰል አቀጣጠልኩ። ክዳኑም ላይ ፍም ጫንኩበት። ሲወጣ ከላይም ጥቁር፣ ከታችም ጥቁር ነው፤ መሀሉን እንጃ። ጥቁረቱን ለሙዙ ሰጠሁት። አልቀመስኩትም። ሙዝ የሚባል ነገር ሁለተኛ አፌ እንዳይገባ ምዬ ነበርና።

ይሄኔ ነው እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከቤታቸው ብቅ ያሉት። እማማ ጥሩነሽ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እናት ናቸው። በልጅነታቸው የጀመሩትን ጾም አንድም ጊዜ ገድፈው አያውቁም። ፍልሰታን ደግሞ በተለየ አጥብቀው ነው የሚጾሟት። ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ አይቀምሱም፤ ከወጣም በኋላ ምግባቸው እፍኝ ቆሎ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መቁረብ ሲመኙ ኖረው ዘንድሮ የነፍስ አባታቸው ፈቀዱላቸው። ፍልሰታ ሲፈታ ሊቆርቡ ነው። ነጩ ቀሚሳቸው ከአሁኑ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። የግቢው ሰው ሁሉ «እንኳን አደረስዎ» ሊላቸው ቀን ይቆጥራል።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው ልጄ?»

«የሙዝ ዳቦ ነው እማማ! ይውሰዱት፣ ከቅዳሴ በኋላ ይቀምሱታል።»

«ሙዝ?»

«ሙዝ ነው! ይኸው ጠያቂ ያመጣው።»

«ሙዝማ ፍሬ ነው፣ ይበላል» አሉና መረቁኝ። «እመቤቴ እግርህን ትጠግንልህ! አብረውኝ እንጦጦ ማርያም ሱባኤ ለያዙት እህቶቼም አካፍላለሁ።»

ዳቦውን እንዳለ በጨርቅ ጠቅልዬ ዘንቢላቸው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ሙዙ አልተጣለም፣ ጎረቤት መረቀ፣ እኔም ተመረቅሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እግሬን ትራስ ላይ አውጥቼ ለጥ አልኩ። የቀሰቀሰኝ የሰናይት ስልክ ነው።

«ሙዙን ምን አደረግከው?»

«ዳቦ ጋገርኩት።»

«ውሸትህን ነው! በል አስቀምጥልኝ፣ ስገባ እቀምሰዋለሁ።»

«ለእማማ ጥሩነሽ ሰጠኋቸው። እንጦጦ ማርያም ለእህቶቻቸው ያካፍሉታል።»

«ጎሽ! ዛሬ ገና ሰው ሆንክ። በምን በምን ጋገርከው?»

«በሙዝ፣ በዱቄት፣ በዘይት፣ በእንቁ...»

ቃሉን አልጨረስኩትም።

«ደጀኔ» አለች ቀስ ብላ። ሰናይት ስትጮህ አልፈራትም፤ የምፈራት ቀስ ስትል ነው። «ጾም ነው እኮ!»

በሐኪም ትእዛዝ እንቁላል ስበላ ሰንብቼ ጾም የሚባለው ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ ኖሯል! እማማ ጋ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያጠፉታል። ቅዳሴ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። እዚህ ላይ አልቀልድም። እኚህ እናት ስንት ዓመት የተመኙትን ቁርባን የእኔ የበሰበሰ ሙዝ ሊያስቀርባቸው ነው! ክራንቼን አንስቼ ወደ ከድር ሱቅ ተወረወርኩ።

«ከድር! መኪናህ ነዳጅ አላት?»

«ምነው? ሐኪም ቤት ልውሰድህ?»

«እማማ ጥሩነሽ እንቁላል ሊበሉ ነው!»

«በፍልሰታ?! ያ አላህ!» ከድር ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። የሱቁን መዝጊያ ሲያወርደው ስኳር ሊገዛ የቆመው ሰውዬ እጁን ሊቆረጥ ምንም አልቀረው። «ነገ ና!» አለው።

አሮጌዋ ቪትዝ ሽሮ ሜዳን አልፋ ዳገቱን ስትያያዘው ማቃሰት ጀመረች። ከድር መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

«እንቁላሉን ከማን ነው የገዛኸው?»

«ከአንተ ነዋ።»

«አላህ ይይልህ! እኔንም ከነገሩ አስገባኸኝ?»

«አንተማ ምን አጠፋህ...»

«እማማ ሱቄን ሲመርቁ ነው የኖሩት! ሁልጊዜ ጠዋት ሲያልፉ ‘ገበያህን ያቅናልህ’ ይሉኛል። አሁን በኔ እንቁላል ጾም ሲፈቱ... ቆይ፣ ያዝ ራስህን!» ብሎ አንዱን አይሱዙ በቀኝ በኩል አለፈው። ያን ጊዜ ያለቀስኩት እግሬን አሞኝ ነው ብያለሁ። በፍርሃት ነው።

ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቷል። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ወደ ታች ይወርዳል፣ እኔ በክራንች ወደ ላይ እገፋለሁ። ያየኝ ሁሉ ለጸበል የመጣሁ መስሎት «እመቤቴ ትማርህ ወንድሜ!» እያለ መንገድ ይለቅልኛል። ጨዋ ሕዝብ ነው። ምን ሠርቼ እንደመጣሁ ቢያውቅ በያዘው መቋሚያ ሌላኛውን እግሬን ይሰብርልኝ ነበር።

እማማ ጥሩነሽን ከአንድ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ከእህቶቻቸው ጋር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጨርቁ ተዘርግቷል። ዳቦው ተቆርሷል!

«እንዳትበሉት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም እጅ አየር ላይ ቀረ።

«መርዝ አለበት እንዴ?» አለች አንዷ።

«እንቁላል አለበት!»

«ውይ! መርዝ በሆነ ይሻል ነበር» አለች ሌላዋ። ስትቀልድ አልነበረም።

የእማማ ጥሩነሽ ጭን ላይ አንድ ቁራሽ አየሁ። ተገምጧል። እማማ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቢጮሁብኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ አልኩ፤ ጀሶው አልታጠፍ ስላለኝ በጎኔ ወደቅሁ። በዚያው እንደተጋደምኩ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኩ።

ጫጫታውን ሰምተው የነፍስ አባታቸው መጡ። መስቀላቸውን እንደያዙ ዳቦውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ እማማ ዞሩ።

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት አባቴ።»

«ዋጥሽው?»

እማማ መሬት መሬት አዩ። «አልዋጥኩትም፤ ተፋሁት» አሉ።

«እንቁላል መሆኑ ታውቆሽ?»

«ኧረ አባቴ! እንቁላሉን የት ደርሼበት!» አሉና ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱኝ። ሊያስቀይሙኝ አልፈለጉም። ግን በጾም፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መስቀል ፊት እንዴት ይዋሻል? «ምን እንደሆነ ማወቅ ቢያቅተኝ ነው የተፋሁት!»

«እናንተስ?» አሉ አባ ወደ ሴቶቹ።

«እኛማ የእሷን ፊት አይተን ተውነው» አለች አንዷ።

«እኔ ልገምጥ ብዬ ነበር፤ ጥርሴ ያለችኝ አንድ ናትና ፈራሁላት» አሉ አንዲት አሮጊት።

አባ ከዳቦው ቁራሽ አነሱ። ውጪውን በጥፍራቸው መቱት፤ ቋ አለ። መሀሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጣታቸው ገባ። ጎንበስ ብለው አሸተቱትና ቀና ሲሉ ፂማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳቅ ይሁን ጸሎት አላወቅሁም።

«አንተ ነህ የጋገርከው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ታዲያ... ቁርባኔስ አባቴ?» አሉ እማማ። ድምፃቸው ክር አከለ።

«ጾም የሚገደፈው ሲበላ ነው» አሉ አባ። «ይሄ አልተበላም። የሚበላም አይመስለኝም። በርቺ፣ ትቆርቢያለሽ።»

እልልታው ቀለጠ! እማማ ጥሩነሽ አቀርቅረው አለቀሱ፣ ከዚያ እኔን አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ። የአጥሩ በር ላይ የቆመው ከድር እልልታውን ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ስልኬ ጠራ፤ ሰናይት ናት።

«በሉት?»

«ተፉት!»

«ተመስገን አምላኬ!» አለች ባለቤቴ።

ሙያ በልብ ነው ሲባል እሰማለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ በልቤም በእጄም የለኝም። ቅንጣት እንኳ ቢኖረኝ ኖሮ እማማ ጥሩነሽ ውጠውት ነበር!