ግፊት የሌለበት ጋን

ዓለም እስከ ዛሬ ሳትፈነዳ የቆየችው በማን ትጋት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የቡታጅራ ሰው ግን ያውቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ተማሪው መጮህ በጀመረበት ሰሞን፣ ከተማይቱን ከፍንዳታ የሚጠብቁ አንድ ሹም ነበሯት። አቶ ሽባባው ይባላሉ። የሚመሩት መሥሪያ ቤት ስሙ እጅግ ረጅም ከመሆኑ የተነሣ በበሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ በጀት እስኪፈቀድለት ድረስ በአቶ ሽባባው አፍ ይነገር ነበር።

አቶ ሽባባው የመንዝ ሰው ናቸው። ከዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ወደ አዲስ አበባ መዛወር። ምኞቱ የክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ «ከእንሰት በቀር ጎረቤት የሌለበት አገር አልወርድም» ብላ እዚያው አዲስ አበባ ቀርታለች። እሳቸው ደግሞ ይወዷታል። ምሳቸውን ብቻቸውን በቆረሱ ቁጥር፣ ሹም ሆነው እንጂ ቢያለቅሱ ደስ ባላቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ወረደ። «ማናቸውም ግፊት ያለበት ዕቃ እንደ ግፊቱ ብርታትና እንደ ሆዱ ስፋት እየተመረመረ በደረጃ ይመደብ። አደገኛው አንደኛ ደረጃ ተብሎ በጥብቅ ይጠበቅ። ይህን በትጋት የፈጸመ ሹም ይታሰብለታል» ይላል። ትእዛዙን ከፈረንጅ ቋንቋ የመለሰው ሊቅ አማርኛውን አሳምሮታል፤ ትርጉሙን ግን ለአንባቢው ትጋት ትቶታል። አቶ ሽባባው «ይታሰብለታል» የሚለውን ደጋግመው አነበቡት። «ግፊት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሐሳብ ገባቸው። ግፊት መቼም ከመግፋት ይወጣል። የሚገፋ ዕቃ ምንድን ነው?

በዚህ ሐሳብ ተውጠው ከቤታቸው ሲወጡ፣ የአጥር ጎረቤታቸው ዘይባ ጓሮዋ ተቀምጣ አንድ ሆደ ሰፊ ሸክላ ወዲህና ወዲያ ታወዛውዛለች። ዘይባ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ የቅቤዋ ወሬ እስከ ወልቂጤ ገበያ የደረሰ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት።

«ወተት እየገፋሁ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ዕቃው ምን ይባላል?»

«መግፊያ።»

አቶ ሽባባው ዝም አሉ። ሊቃውንት በባሕር ማዶ የደከሙበት ነገር በአንዲት ሴት ጉልበት ሥር ተጋድሞ ሲገኝ ዝም ማለት ይገባል። ቀስ ብለው ተጠጉ። ከሸክላው አንገት በታች በቃጫ የተወተፈች ትንሽ ቀዳዳ አለች።

«ይህችስ?»

«መተንፈሻው ናት። እንዳይነኳት፣ ጌታዬ! ብዙ ገፍቼዋለሁ፣ ገና አላስተነፈስኩትም…»

መንግሥት አይነካም የተባለውን ካልነካ መንግሥት አይደለም። አቶ ሽባባው ቃጫውን ሳብ አደረጉ። ፉስስ አለና እርጎው ኮታቸውን ከአንገት እስከ ኪስ አለበሰው።

«ያ ረቢ! ወላሂ ነግሬዎት ነበር!» አለች ዘይባ፣ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግላቸው እየተነሣች።

«ተዪው፣ ማስረጃ ነው» አሉ እርጎውን ከቅንድባቸው ላይ እየገፈፉ። ፊታቸው በደስታ አብርቷል። «አንደኛ ደረጃ!»

«አልሃምዱሊላህ!» አለች ዘይባም ደስ ብሏት። «ስለ ቅቤዬ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ።»

አንደኛ ደረጃ መሆን ምን እንደ ሆነ የገባት የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አሚኑ መጥቶ መግፊያዋን በአንሶላ ጠቅልሎ ሲወስደው ነው። የከተማው መግፊያ በሙሉ ተመረመረ። ሆዱ ሰፍቶ ሲነካ የሚተነፍሰው አንደኛ ደረጃ ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ተቆለፈበት። አነስ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ጎረቤት በምስክርነት ቆማ ካላየች እንዳይገፋ ታዘዘ። የተሰነጠቀውና የሚያፈሰው ግን ግፊት መያዝ ስለማይችል ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ሴቶች በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተሰልፈው «በእናትዎ፣ ሦስተኛ ያድርጉኝ» እያሉ ሲለምኑ ዋሉ። በአገራችን ሰው ዝቅ አድርጉኝ ብሎ ደጅ ሲጠና ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የተሰነጠቀ መግፊያ ያላት ሴት ተከበረች፣ በሰርግ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ተቀመጠች። ቅቤ ግን ከገበያ ጠፋ፤ ከተሰነጠቀ ሸክላ የሚወጣው ጭቃ እንጂ ቅቤ አይደለማ።

አቶ ሽባባው ሥራቸውን በጅምር የሚተዉ ሰው አይደሉም። በከተማው ዳርቻ፣ የዘቢዳር ተራራ በሚታይበት በኩል፣ ሸረፋ የሚባል ሰው የእንጨት መሰንጠቂያ አለው። እዚያ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ቆሟል። ከሥሩ እንጨት ይነድዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ በእንፋሎቱ ኃይል መጋዙ ይዞራል። የአገሩ ሰው ጋኑ ይለዋል። ጋኑ ሥራ ሲጀምር ከመንገዱ ማዶ ያሉ ቤቶች ጣባዎች ከመደርደሪያቸው ላይ ይጨፍራሉ። ይህንንም ሊመረምሩ አርብ ቀን ሄዱ።

«ሸረፋ፣ ይህ ዕቃ ይገፋል?»

«ምን ማለትዎ ነው፣ ጌታዬ?»

አቶ ሽባባው በተግባር የሚያምኑ ሹም ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ጋኑን ገፉት። ንቅንቅ አላለም። አሚኑም አገዛቸው። አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«አይገፋም» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። በአናቱ ያለውን የእንፋሎት መተንፈሻ ሳቡት፤ ከጥቂት ዝገት በቀር የወጣ የለም። ልብሳቸውም ደረቅ ነው። ከጎኑ ያለውን ክብ መስተዋት አዩ። «ይኼ ሰዓታችሁ ቆሟል።»

«ሰዓት አይደለም ጌታዬ፣ መለኪያው ነው።»

«መርፌው ምን ላይ ነው?»

«ዜሮ ላይ ነው። ግን ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ ሠራተኞቹ መስጊድ ናቸው፤ እሳቱም…»

«ስለ እሳት የጠየቀህ የለም። ደንቡም ስለ ጁምዓ አይናገርም።»

ሸረፋ ነጋዴ ነው። መንግሥት ስለ ንብረቱ መልካም ሲናገርለት ጣልቃ ገብቶ የሚያርም ነጋዴ ገና አልተወለደም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። በማግስቱ ሠዓሊ መጥቶ በጋኑ ሆድ ላይ በነጭ ቀለም «ግፊት የሌለበት» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ከሩቅ ይነበባል።

ሪፖርቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ታላቅ አድናቆት ሆነ። ሌሎቹ ከተሞች «እንዲህ ያለ ዕቃ የለንም» ብለው በአጭሩ ሲመልሱ ቡታጅራ በአንደኛ ደረጃ ብቻ መጋዘን ሙሉ ነበራት። ዋና ተቆጣጣሪው አቶ ዓለምዘውድ ራሳቸው ሊጎበኙ ተነሡ። ደስ ካላቸው አቶ ሽባባውን ይዘዋቸው ይመለሳሉ የሚል ወሬም አብሮ መጣ። አቶ ሽባባው ያን ሳምንት በመንገድ ላይ ብቻቸውን ፈገግ ሲሉ የታዩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቸገረ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ቡታጅራ ደርሶ ክትፎ ሳይበላ አይሸኝም፤ ክትፎ ደግሞ ያለ ቅቤ የእንግዳ ስድብ ነው። አቶ ሽባባው ወደ አጥራቸው ሄደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘይባ፣ ትንሽ ቅቤ ይገኝ ይሆን?»

«እርስዎ ቅቤዬን ይላሉ፣ እኔ መግፊያዬን እላለሁ። ሁለታችንንም ያስቸገረን አንድ ቁልፍ ነው፣ ጌታዬ።»

ልዩ ፈቃድ ተጻፈላት። ሁለት ዘበኞች ጠመንጃቸውን ወድረው፣ ከአደጋው ራቅ ብለው ቆመው፣ ዘይባ ስትገፋ ዋለች። ቅቤው ሲወጣ አንደኛው ዘበኛ ተንፍሶ «ተመስገን፣ ሳንጎዳ ቀረን» አለ።

እንግዳው በመጡ ቀን ሕዝቡ በጋኑ ፊት ተሰበሰበ። የደንቡ ውጤት የሚታየው እዚያ ነውና ጋኑ ሥራ ላይ እንዲታይ እሳቱ ደኅና አድርጎ ተማግዷል። አቶ ዓለምዘውድ የሆዱን ጽሑፍ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በምርመራው ወረቀት ላይ ከአቶ ሽባባው ፊርማ ሥር የራሳቸውን ፊርማ አኖሩ። አቶ ሽባባውም ንግግር ጀመሩ።

«ክቡራትና ክቡራን! ግፊት የአገር ጠላት ነው! እነሆ፣ በቆራጥ አመራር ግፊትን ቆልፈንበታል…»

እዚህ ላይ ጋኑ ጮኸ። መተንፈሻው ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት አወጣና ነጭ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ ሰደደው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ አቶ ዓለምዘውድ።

«ጋኑ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሸረፋ። «ሲበዛበት ይጮኻል።»

«ምን ሲበዛበት?»

ሸረፋ በጋኑ ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ። «ሰው… ሰው ሲበዛበት። እንግዳ አይወድም።»

አቶ ሽባባው ደማቸው ፈላ። ዝውውራቸው በአንድ በርሜል ፉጨት ሲበላሽ እያዩ ነው። ወደ ጋኑ ዞረው ሌባ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ዝም በል!»

ጋኑ ግን የደሞዝተኛ ወግ አያውቅምና ጩኸቱን ቀጠለ።

«ሸረፋ! ድንጋይ ጫንበት!»

«በመተንፈሻው ላይ? ኧረ ጌታዬ…»

«አባቶቻችን ጋን በጠጠር ይደገፋል ብለዋል! ጫን!»

ሸረፋ ሁለት ሰው አስይዞ ደኅና ድንጋይ አመጣ፤ በመተንፈሻው ክንድ ላይ አስጭኖ በሽቦ አሰረው። ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ዓለምዘውድ «ጸጥታ ማለት ይህ ነው» ሲሉ አቶ ሽባባው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ሹሙም፣ ሠራተኛውም፣ ዘበኛውም ወደ ዘይባ ግቢ ለክትፎ ሄደ። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው አልቀረም፤ ግፊት የሌለበትን ዕቃ ምን ብሎ ይጠብቀዋል?

አቶ ዓለምዘውድ ሁለተኛውን ጣባ ሲያጋምሱ ምድር ተናወጠች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ላይ አየ። ጋኑ የቆርቆሮውን ጣራ በስቶ ወጥቷል፤ ከነጽሑፉ መንገዱን ተሻገረ፣ ትንሽ ያመነታ መሰለ፣ ከዚያም በሸረፋ እንሰት መሐል ሄዶ ቁጭ አለ። በአላህ ቸርነትና በክትፎው ጣዕም ማንም አልተጎዳም።

«ምንድን ነው የፈነዳው?» አሉ አቶ ዓለምዘውድ ጣባቸውን እንደ ያዙ።

«ጋኑ ነው» አለ ሸረፋ።

«የትኛው ጋን?»

«ግፊት የሌለበት።»

አቶ ዓለምዘውድ ጣባውን በዝግታ አስቀመጡ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የፈረሙት ፊርማ ገና ቀለሙ አልደረቀም። እሳቸውን የመሰለ ሰው ደግሞ ፊርማውን ከሚያጥፍ ዓለምን ቢያጥፍ ይቀለዋል።

«ግፊት የሌለበት ዕቃ በራሱ ሊፈነዳ አይችልም» አሉ። «ስለዚህ ከውጭ የገፋፋው አለ ማለት ነው። ጋኑ በማን ግፊት ፈነዳ?»

ጊዜው ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰው የሚበርደው ጊዜ ነው።

«ጋኑን መጨረሻ ያነጋገረው ማን ነው?»

የሁሉም ዓይን ወደ አቶ ሽባባው ዞረ።

«ምን አሉት?»

«ዝም በል አሉት» አለ አሚኑ። የጠየቀውን መንግሥት ዋሽቶ አያውቅም።

«እሱስ ምን አደረገ?»

«ለጊዜው ዝም አለ። በኋላ እንዳዩት ነው።»

«ጌታዬ!» ብለው ጮኹ አቶ ሽባባው። «ግፊት ነበረበት! ከውስጥ ነው፣ የእንፋሎቱ ነው! ድንጋይ ጭነን መውጫ ስላሳጣነው ነው እንጂ…» ይህ በሹመት ዘመናቸው የተናገሩት የመጀመሪያው እውነት ነው፤ የመጣው ግን ከፊርማው በኋላ ነው።

«ተጠንቀቁ» አሉ አቶ ዓለምዘውድ። «ግፊት የለበትም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እኔም ከሥርዎ ፈርሜያለሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል ይላሉ?»

«የለም… እኔ ብቻ…»

«እንግዲያው ከውጭ ነው።»

መጋዘኑ ተከፍቶ ተመረመረ። ከአንደኛ ደረጃዎቹ መግፊያዎች አንዱም አልፈነዳም፤ ይህም የጥበቃውን ጥንካሬ የሚያሳይ ሆኖ ተመዘገበ። አቶ ሽባባው በላንድሮቨሩ የኋላ ወንበር በሁለት ፖሊስ መሐል እንዲቀመጡ ተደረገ። ከመነሣታቸው በፊት በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው የመጋዘኑን ቁልፍ ለዘይባ አቀበሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍረዋል።

«ቅቤሽ… ጥሩ ነበር» አሏት።

«አንደኛ ደረጃ?»

«አንደኛ።»

ዘይባ አሳዘኗት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በመስኮቱ አስገብታ «ለባለቤትዎ ነው፤ አላህ በሰላም ያግባዎ» አለቻቸው። የመኪናው አቧራ ገና ሳይጠፋ ሴቶቹ መግፊያቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አዲስ አበባ ላይ ምርመራው ረዘም አለ። ጋኑን ያሳመፀ ማኅበር ተፈልጎ ታጣ። በመጨረሻም አቶ ሽባባው ከዓይን እንዳይርቁ ተብሎ እዚያው ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በአቶ ዓለምዘውድ ፊት ለፊት፣ አንድ ወንበርና አንድ ባዶ ጠረጴዛ ተሰጣቸው። በተሰጣቸው ወረቀት ላይ «ዝውውር» ይላል።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሩ ላይ አቅፋ ሳመቻቸው። ቅቤውን ተቀብላ አሸተተችው፤ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ከዚያም ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ስንት ሰው ለፍቶ ያጣውን! ለመሆኑ በማን ግፊት ተሳካልህ?»

አቶ ሽባባው «በጋኑ» ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። ጋኑ ግፊት እንደሌለበት በፊርማቸው ያረጋገጡት ግን ራሳቸው ናቸውና መልሰው ዘጉት።