ሽምግልና ላይ የፈታሁት የጀርመንኛ ቃል

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ቁጭ ብድግ ያደርገኛል! አንድ የጀርመንኛ ቃል ከነሥርወ ቃሉ አስተካክዬ በመፍታቴ የወንድሜን ልጅ ትዳር ላፈርስ ነበር።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ነው። ለወንድሜ ልጅ ለዳንኤል ሚስት ልንጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ወረድን።

ተናጋሪው እኔ!

እንደ ደንቡ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለን ቆምን። የልጅቷ አባት አቶ ታደለ ግን አልቸኮሉም። እኔ እግሬን እቀያይራለሁ።

«በመንግሥት ሥራ ጀርመን አገር ሠልጥነዋል አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እንዴት ደስ አይለኝ!

ከመታጠቢያ ቤት አንድ ቲዩብ ይዘው መጡ። «እህቴ ከጀርመን የላከችልኝ የፂም ክሬም ነው። ከምላጭ ገላገለኝ! እስቲ ምን ይላል?»

አነበብሁት። ሻምሃር።

ብልህ ሰው «ለጠጉር ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሰነድ አጓድዬ የማላውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ!

«ሁለት ቃላት የተጣመሩበት ነው» አልሁ። «ሃር ጠጉር ነው። ሻም ኀፍረት። ጀርመኖችም በስሙ መጥራት ቢከብዳቸው፣ እኛ ኀፍረተ ሥጋ እንደምንለው፣ ኀፍረት አሉት። እዚያ የሚበቅለው ጠጉር እንግዲህ...»

አጠገቤ የቆመው ጋሽ ተሰማ ኮቴን ጎተተኝ። እኔ ግን መች ላቆም!

«ስለዚህ ክሬሙ ለፊት አይደለም።»



ከጓዳ የባለቤታቸው ሳቅ ፈነዳ። «በጌታ! እኔ ይህን ጉንጭ ስስም ከረምሁ?»

አቶ ታደለ ጉንጫቸውን ዳሰሱ፤ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው አነሡ።

«ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይስ እኔን ልታዋርዱ? ሌላ ሽማግሌ ይምጣ!»

ሳንቀመጥ ወጣን።

ማታ ዳንኤል ኮል አደረገኝ። «ጋሼ፣ እሺ አሉ?»

«ቃሉን ፈታሁላቸው» አልሁት።

በሳምንቱ ጋሽ ተሰማ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተላከ። እኔን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ጠባቂ አደረጉኝ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሬዲዮውን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። ልጁ በእኔ ምክንያት ቆሞ ቢቀርስ?

በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ብቅ አለ።

«እሺ ብለዋል። በአንድ ቅድመ ሁኔታ።»

«ምን?»

«በሠርጉ ላይ አንተ ማይክሮፎን እንዳትይዝ።»

ተስማማሁ። ለልጁ ስል!

ግን እስቲ ፍረዱ፤ ስለ «ጋብቻ» ሥርወ ቃል ያዘጋጀሁት ያ ሁሉ ንግግር አያሳዝንም?